ፎቶ ኮፒ ነው ወይስ ትምህርት? የኮዬ ፈጬው የቤት ሥራ

ባለ ትራይፖዱ፦ ኮዬ ፈጬ ያለ አንድ የፊልም ሥልጠና ለጀማሪዎች የሰጠውን የመጀመሪያ የቤት ሥራ አያችሁ? «ከወደዳችሁት የውጭ ፊልም አንድ ደቂቃ መርጣችሁ ሾት በሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ ያነሳውን እያንዳንዱን ቁራጭ በተራው፣ መልሳችሁ ቅረጹ።» ተከፍሎበት እኮ ነው! ሲኒማ ፎቶ ኮፒ ቤት አይደለም።

ሞንታዥ፦ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሳያይ ነው የሚያትመው። ልጁ ግን ድምፁን አጥፍቶ ያየዋል፣ ቁርጡን ይቆጥራል፣ ለእያንዳንዱ ሾት የካሜራውን ከፍታ፣ የብርሃኑን አቅጣጫ፣ ርዝመቱን በሰከንድ ይጽፋል። በራሱ ድርሰት ቢጀምር፣ ሲበላሽበት ጥፋቱ የድርሰቱ ይሁን የሾቱ በምን ያውቃል?

ባለ ትራይፖዱ፦ ጽፎ ጽፎ ያው የተወሰነለትን ነው የሚፈጽመው። ዳይሬክተሩ ጋስ ቫን ሳንት የሂችኮክን እ.ኤ.አ. የ1960 ፊልም «ሳይኮ» እ.ኤ.አ. በ1998 ሾት በሾት ሊባል በሚችል መልኩ ደገመው። ብሩም ባለሙያውም ነበረው። ምን አተረፈ?

ሞንታዥ፦ እሱ ቲኬት የተሸጠበት ፊልም ነው፣ ይሄ የቤት ሥራ። ደግሞ ዋናው ጥቁርና ነጭ ነው፣ የ98ቱ በቀለም። ሾቱ ያው ሆኖ ስሜቱ ለምን ተለወጠ? ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ካለህ አምጣ።

ጋሼ መብራት፦ እናንተ ተከራከሩ፤ ልጆቹ የሚወድቁት ሌላ ቦታ ነው። ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው፣ ምስል መቀበያው አነስ ባለ ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሌንስ በ3 ሜትር ርቀት የሚይዘው ስፋት 1.4 ሜትር ገደማ ነው። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ሁለት ሰው አስቀምጦ ዋይድ፣ ማለት ክፍሉን ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ ሾት፣ ማውጣት አይታሰብም። 24 ሚሊ 2.9 ሜትር ይሰጣል፤ ግን ወደ ካሜራው የቀረበው ጉልበት ይገዝፋል። በስልክ የሚቀርጽ ኤክስፖዠሩን፣ ማለት የሚገባውን የብርሃን መጠን፣ እና ፎከሱን ይቆልፍ፤ አለዚያ ተዋናዩ በመስኮቱ ፊት ባለፈ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ሻተሩ፣ ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ይሁን። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 ላይ ከተተወ የአንዳንዱ አምፖል ብርሃን ምስሉ ላይ መስመር እየሠራ ይሄዳል።

የጣፎ ልጅ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ያሉት ሁሉ ባለ ትራይፖዱን ነው የሚያግዘው። ግድግዳው እየተነሳ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸን ሲን ሳሎን ውስጥ የሚደግም ልጅ የሚማረው ማማረር ነው።

ጋሼ መብራት፦ የለም ልጄ፣ ዋናው እሱ ነው። መስኮቱ አንድ ብቻ ነው እንበል። ወደ መስኮቱ የዞረችዋን ያነሷታል፣ ቆንጆ። ሪቨርሱ ላይ፣ ካሜራው ዞሮ ከፊቷ ያለውን ሲያነሳ፣ ሰውየው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቷል፣ ፊቱ ከሰል። ከካሜራው ጎን ነጭ አንሶላ ወጥረው ብርሃኑን ይመልሱለት። የሳሎኑን ቢጫ አምፖል ያጥፉት፤ የብርሃን ቀለም በኬልቪን ሲለካ እሱ ከ2700 እስከ 3000 አካባቢ፣ መስኮቱ 5600 ገደማ፣ አንድ ፊት ላይ ሲደባለቁ ኤዲተሩን ያስለቅሱታል። ዋይዱን ያስቀድሙ። ፀሐይ ከዞረ በኋላ ክሎዝ አፕ ላይ፣ ፊት ብቻ ቀርቦ ሲነሳ፣ ማታለል ይቀላል።

ባለ ትራይፖዱ፦ ይሄን ሁሉ በራሱ ድርሰትም ይማረዋል! ቅኔ ቤት ተማሪ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ፣ ግን የራሱን ይቆጥራል፣ ይደርሳል ማለት ነው። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ፎቶ ኮፒ!

ሞንታዥ፦ ከመቁጠሩ በፊት የግዕዝ ግስ ሲያወርድ፣ ቅኔ ሲነገረው ነው የሚከርመው። እሷን ዘለልካት።

የጣፎ ልጅ፦ ለምንስ የውጭ ፊልም? የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አለ። በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ፣ ገበሬና ማሳ። ከጣፎ ወጣ ብሎ በፀሐይ ብርሃን ብቻ ይሞክሩት።

ሰበታ 01፦ ማሳ? በየት በኩል ብታነሳ ከጀርባ ያልተጨረሰ ፎቅ ይገባብሃል።

የጣፎ ልጅ፦ ካሜራውን ወደ መሬት አውርደህ ሰብሉን ፊት ለፊት አስገባው፣ ፎቁ ይሸፈናል። ይሄንንም እኛ እንንገርህ?

ባለ ትራይፖዱ፦ መጨረሻው ቲክቶክ ነው። «ዳይሬክተር፦ እኔ» ብሎ ይለጥፈዋል።

ሞንታዥ፦ የዋናውን ስም ይጻፍበት፣ አለቀ።

የጣፎ ልጅ፦ ስም መጻፍ ፈቃድ ነው ያለህ ማነው? የቅጂ መብቱን አዋጅ 410/1996ን አንብብ። ቤት ውስጥ መለማመድ ሌላ፣ ለሕዝብ መልቀቅ ሌላ።

ጋሼ መብራት፦ ድምፁን ማንም አላነሳውም። ሁሉም ዝም ብሎ 30 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ብቻ ይቅዱ። ያለሱ በየቁርጡ የፍሪጁ ጩኸት ብቅ ጥልቅ ይላል።

ባለ ትራይፖዱ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ግን ከማን ወገን ነዎት?

ሰበታ 01፦ ሥልጠናው ቅዳሜም አለ? ዋጋውን የሚያውቅ ካለ በውስጥ ይላክልኝ።