የበርሜል ውሃና የበጋ ወባ፦ ፕሮፖዛሉን እናጥብበው

ጸሐፊ፦ ሰላም ዋላችሁ? የጥናት ፕሮፖዛላችንን ድራፍት አነበብኩት፣ እውነቱን ለመናገር ርዕሱ ሆዱ በጣም ሰፍቷል። ወባ፣ ብልሃርዝያ፣ ቁንጭር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የቆዳ ቁስል)፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከደጋው መንዝ እስከ ቆላው ቀወት በስድስት ወር ልናጠና? ብር የሚሰጠን ሰው ገና ርዕሱን አይቶ ነው የሚስቀው። አንድ እንምረጥ።

ላብራቶሪ፣ ሸዋ ሮቢት፦ እኔ የበርሜሏን ትንኝ ነው የምለው፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋን የወባ ትንኝ። ከእስያ የመጣች ናት፣ ጅቡቲ 2012 ላይ ታየች፣ እኛ አገር 2016 ቀብሪደሃር ተገኘች፣ ከዛ ባቲም ድሬዳዋም። 2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ የተነሳው ወባ ከሷ ጋር ነው የተያያዘው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ነባሯ የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ትፈልጋለች፣ ይቺኛዋ ግን በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ጉድጓድ ይበቃታል። ስለዚህ ጥያቄያችን የትኛው ዕቃ ውስጥ፣ በየትኛው ወር ነው መሆን ያለበት። ቅዳሜ የጎረቤቴን በርሜል በባትሪ ሳይ ብዙዎቹ እጮች በጭራቸው ተንጠልጥለው ወደ ታች ተዘቅዝቀዋል፣ ጥቂቶቹ ግን ውሃው ላይ ልጥፍ ብለው ተኝተዋል፣ አኖፊለስ፣ የወባ ትንኝ ወገን፣ እንደዛ ነው። የትኛዋ አኖፊለስ እንደሆነች ግን በዚህ አይለይም። እትዬ ደሞ ውሃዋን ልደፋባት መስሏት ስትቆጣኝ!

ከመንዝ፦ ደጋው ተረሳ ማለት ነው? እኛ ጋ ገደሉ ሙሉ የቁንጭር ተውሳክ የሚኖርበት ሽኮኮ ነው፣ ቁንጭር ፊቱ ላይ ጠባሳ የተወበት ልጅ ሰፈሬ ውስጥ አለ።

ጸሐፊ፦ ወንድሜ አልተረሳም፣ ቀጣዩ ፕሮፖዛል የቁንጭር ይሁን፣ አንተው ጻፈው። እዚህ ከከተትነው ግን ሁለቱም ይበላሻሉ።

ሲስተር፣ አታዬ፦ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ቧንቧ በሳምንት አንዴ ለሚመጣበት ሰው በርሜልህን ድፋ ማለት ቀልድ ነው። መጠይቁ ላይ "ውሃ በስንት ቀን ይመጣል?" የሚለው ይቅደም፣ ከዛ ክዳን አለው ወይ፣ ውስጡ መቼ ታጠበ የሚለው ይከተል። እጩ በሙቀት ሳምንት አስር ቀን ሲሞላው ክንፍ ያወጣል እኮ፣ ባይደፋም በደንብ ቢከደን ለውጥ ያመጣል። ደሞ "ወባ የሰፈር ንጽህና ጉድለት ነው" የሚለውን አረፍተ ነገር አውጡልኝ፣ ሰው ውሃ ያጠራቀመው ወዶ አይደለም።

ጸሐፊ፦ ሲስተር ልክ ነሽ፣ አውጥቼዋለሁ። የመብራት ወጥመዱስ በጀቱ ውስጥ ይቆይ?

ላብራቶሪ፦ ይውጣ፣ ይቺን ትንኝ በደንብ አይዝም። ጭልፋና ነጭ ሳህን ይሻላል፣ እጩን ቀድተን እናሳድጋለን፣ ያደገውን አድርቀን ዝርያዋን በዘረመል ለሚለየው ምርመራ፣ ለፒሲአር፣ እንልካለን። ለእሱ አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋምን እንጠይቅ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን ደሞ ለኢቲክሱ (ለጥናት ሥነ ምግባር ፈቃዱ)። ግን አንዴ ለቅመን ብንተው ዋጋ የለውም፣ የካቲት ላይም መስከረም ላይም እነዛኑ ቤቶች መድገም አለብን።

ጸሐፊ፦ ተስማምተናል። ሲስተር መጠይቁን እስከ ሐሙስ፣ የመንዙ በጀቱን፣ እኔ ደብዳቤዎቹን።

ከመንዝ፦ እሺ፣ የቁንጭሩን ቃል ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፉልኝ 😄

ላብራቶሪ፦ ከእትዬ በርሜል የቀዳኋቸው በሃይላንድ ውስጥ ናቸው፣ አፉን በአጎበር ቁራጭ አስሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አንዷ ክንፍ አውጥታለች።