ነገ ጠዋት ትሪጎኖሜትሪ እጀምራለሁ፤ ሌሰን ፕላኔ ተመልሶብኛል፣ እርዱኝ

የዘጠነኛው መምህር (ጠያቂ)
ሰላም ባልደረቦቼ። ነገ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብቶ ያየኛል። ዛሬ ከሰዓት የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ሌሰን ፕላኔን መለሰልኝ። ከድሮው ዕቅዴ ላይ ነበር የሠራሁት። በድሮው የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ሲሚላሪቲ (የቅርጾች ተመሳሳይነት) ይቀድምና ትሪጎኖሜትሪ (የጎነ ሦስት ጎኖችና ማዕዘኖች ዝምድና) ይከተላል። በአዲሱ ግን ትሪጎኖሜትሪ ምዕራፍ 5 ነው፣ ሲሚላሪቲ ምዕራፍ 7። ታዲያ ሲሚላሪቲን ሳላስተምር፣ ሳይን 30 (በቀጤ ነክ ጎነ ሦስት ከ30 ዲግሪ ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው ጎን ለረጅሙ ጎን፣ ለሃይፖተነሱ፣ ሲካፈል) በትንሹም በትልቁም ጎነ ሦስት ለምን ያው አንድ ዓይነት ቁጥር እንደሚሆን እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ቀመር ጽፌ «እመኑኝ» ማለት አልፈልግም። ዕቅድ ያላችሁ ላኩልኝ፤ ካልሆነም መጽሐፉ ተሳስቷል በሉኝና ምዕራፎቹን ላገለባብጣቸው። እባካችሁ ዛሬ ማታውኑ።

ነጭ ጋውን
አይዞህ። ጎረቤት ትምህርት ቤት ያለ የ9ኛ ክፍል መምህር ጋ ደውልና የሱን ዕቅድ ገልብጥ። በአንድ ሰዓት ያልቃል።

አንጋፋው
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አደረጃጀቱ ራሱ ተለውጧል፤ ከ1 እስከ 6 አንደኛ ደረጃ፣ 7 እና 8 መካከለኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ ነው። መጽሐፎቹም ከዚያ ጋር አብረው ተከልሰዋል። ድሮ 9ኛ ክፍል ምዕራፍ 4 የነበረው ሪሌሽንስ ኤንድ ፈንክሽንስ (ዝምድናና ፈንክሽን) ዛሬ የ10ኛ ክፍል መክፈቻ ነው። ሦስተኛ የነበረው «ሴት» (set፣ የስብስብ ትምህርት) መጀመሪያ መጥቷል። ኢንኢኳሊቲ (ያለእኩልነት) ደግሞ ራሱን ችሎ ምዕራፍ 4 ሆኗል። ስለዚህ የድሮውን ዕቅድ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ማቅረብ አይሠራም። ኃላፊህ የመለሰልህም ለዚህ ይመስለኛል፤ አትቀየመው። መጀመሪያ የመምህሩን መምሪያ ክፈት፣ ለምዕራፉ የተመደበውን ክፍለ ጊዜ ቁጠር፣ ከዚያ ወደ ዕለቱ ውረድ።

የስምንተኛ ክፍል መምህርት
ይቅርታ ወንድሜ፣ «መጽሐፉ ተሳስቷል» በሚለው አልስማማም። ሲሚላሪቲ 8ኛ ክፍል ላይ አለ፤ እኛ እናስተምረዋለን። ሁለት ማዕዘኖቻቸው እኩል የሆኑ ጎነ ሦስቶች ተመሳሳይ እንደሆኑ፣ ጎኖቻቸውም ተመጣጣኝ እንደሆኑ ተምረው ነው ወደ እናንተ የሚመጡት። ቀጤ ነክ ጎነ ሦስት ውስጥ አንዷ ማዕዘን 90 ናት፤ ሌላዋ 30 ከሆነች አለቀ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ናቸው። ለምዕራፍ 5 የሚያስፈልግህ ይህ ብቻ ነው። ምዕራፍ 7 ጉዳዩን ጠለቅ አድርጎ ይመለስበታል። ምዕራፍ ብታገላብጥ ደግሞ ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የጋራ ፈተና ሲመጣ ልጆቹ ናቸው የሚጎዱት።

የዘጠነኛው መምህር (ጠያቂ)
እህቴ፣ በመጽሐፉ ልክ ነሽ። ልጆቼ ግን ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች የመጡ 78 ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ ሲሚላሪቲን የሚያስታውስ ስል እጅ ያወጡት 6 ብቻ ናቸው። ክለሳ ልጀምር ብል 40 ደቂቃዋ እዚያው ታልቃለች። ፕሮትራክተር (የማዕዘን መለኪያ) ያላቸውም ከአምስት አይበልጡም። ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

ነጭ ጋውን
እኔ አሁንም የምለው ገልብጥ ነው።

ጠመኔና ገመድ
ፕሮትራክተር አያስፈልግም፤ የደብተር ወረቀት ይበቃል። እኔ እንዲህ ነው የማስተምረው። ወረቀቱን በቁመቱ ለሁለት አጥፈው ይዘርጉት፤ መሃል ላይ መስመር ይወጣል። ከዚያ የታችኛውን የቀኝ ጥግ በጣት ይዘው፣ የታችኛውን የግራ ጥግ አንስተው መሃለኛው መስመር ላይ ያሳርፉት። አዲሱ እጥፋት ቀኝ ጥግ ላይ ከታችኛው ጠርዝ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ልክ 30 ዲግሪ ነው።

አሁን ወረቀቱን ዘርግተው እጥፋቱን በእርሳስ ያድምቁ። ከጥጉ ጀምረው በእጥፋቱ ላይ 6፣ 8 እና 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ነጥብ ያድርጉ። የሌላ ወረቀት ጥግ ቀጤ ስለሆነ፣ በሱ እየተመሩ ከእያንዳንዱ ነጥብ ወደ ታችኛው ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር ያውርዱ። ከፍታዎቹን ሲለኩ 3፣ 4 እና 5 ያገኛሉ። 3 ለ6፣ 4 ለ8፣ 5 ለ10፤ ሁሉም ግማሽ። ሦስቱ ጎነ ሦስቶች አንድ ማዕዘን ውስጥ ተደራርበው ስለሚታዩ ሲሚላሪቲን የረሳ ልጅ እንኳ «ያው አንዱ ነው፣ የተለጠጠ ነው» ይላል። ሳይን የሚለውን ስም ከዚያ በኋላ ስጣቸው፣ ቀድመህ አትስጥ።

ለ78 ልጅ ሦስት ሦስት እየሆኑ 26 ቡድን ይሁኑ። ማጠፍና መለካት 15 ደቂቃ፣ ውጤት ሰሌዳ ላይ መሰብሰብ 10፣ ስያሜና አንድ ምሳሌ 10፤ የቀረችው 5 ለመውጫ ጥያቄ (ከክፍል ከመውጣታቸው በፊት ለሚመልሷት)።

ከፍታ
ሱፐርቫይዘሩንም ወረቀት ስጠው፣ አብሮ ይጠፍ 😄 አንድ ነገር ግን ልጨምር። 2.9 ወይም 5.2 የሚያገኙ ይኖራሉ። «ተሳስታችኋል» አትበላቸው፤ ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፍና ግማሽ አካባቢ እንደሚሰበሰብ ራሳቸው ይዩት።

የስምንተኛ ክፍል መምህርት
ጥሩ ሐሳብ ነው። ዓላማው ላይ «ተማሪዎች ሳይንን ይረዳሉ» ብለህ እንዳትጽፍ፤ መረዳት አይለካም። «የሦስት ቀጤ ነክ ጎነ ሦስቶችን ጎኖች ለክተው የ30 ዲግሪን ሳይን ያሰላሉ» በል። ዕቅዱን በእንግሊዝኛ ብትጽፈውም ነገሩ ያው ነው። ምዘናውም ከዚሁ ይውጣ፤ መውጫ ጥያቄህ «ሃይፖተነሱ 14 ቢሆን ከፍታው ስንት ነው?» ይሁን። 7 ያለ ልጅ ገብቶታል።

አንጋፋው
የመውጫ ጥያቄዋን ወረቀት ሰብስበህ አስቀምጥ። ለተከታታይ ምዘና ማስረጃ ትሆንሃለች።

ነጭ ጋውን
እሺ፣ የወረቀቱን ነገር አሁን ቤት ሞክሬው ሠራ። ምክሬን ትቻለሁ።

ከፍታ (በማግሥቱ)
መምህር፣ እንዴት ሆነልህ?

የማታው ክፍል
እኔም ሰኞ ይህንኑ ርዕስ አስተምራለሁ። ለ45 ዲግሪስ ምን ይደረግ?

ጠመኔና ገመድ
እሱ ይቀላል። የታችኛውን ጠርዝ ሙሉውን አንስተው ከጎን ጠርዙ ጋር ያጋጥሙት፤ እጥፋቱ 45 ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከፍታው ወደ 7.1 ይጠጋል። እዚህ ላይ ግን ከፍታውና መሠረቱ እኩል ስለሚወጡ ታንጀንትንም (ከፍታው ለመሠረቱ ሲካፈል) አብረህ አንሣው።