ከአልጋችን ጎን የሚያያዝ የሕፃን አልጋ፦ የትኛውን ልምረጥ?

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼም። የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ አምስት ሳምንት ቀረኝ። በኦፕራሲዮን እንደምወልድ ሐኪሜ ነግራኛለች። ሌሊት እየተነሳሁና እያጎነበስኩ ልጅ ማንሳት እንደሚከብደኝ ገብቶኛል። ለዚህ ነው ከኛ አልጋ ጎን ተያይዞ የሚቆም የሕፃን አልጋ የፈለግነው። ልጁ በራሱ ቦታ ይተኛል፤ እኔም እጄን ሰደድ አድርጌ እደርስበታለሁ።

ሁለት ምርጫ አለን። አንደኛው አዲስ ነው። እግሩ ብረት ነው፤ ጎኖቹ መረብ ናቸው። በኛ በኩል ያለው ጎን በዚፕ ይወርዳል፤ ቁመቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለተኛውን ታላቅ እህቴ ልትሰጠኝ ነው። የእንጨት ነው፤ ሦስት ልጆች አድገውበታል። በጣም ያምራል። ውስጡ ዙሪያውን ለስላሳ የዳር ትራስ አለው። ፍራሹ ሲጫኑት ስምጥ ይላል።

የኛ አልጋ ዝቅ ያለ ነው፤ ፍራሹ ግን ወፍራምና ለስላሳ ነው። ባለቤቴ እንቅልፉ ከባድ ነው። እናቴ ደግሞ «ልጁ ይበርደዋል፤ ወተት ሲመለስበትም እንዳያንቀው ራስጌውን ከፍ አድርጊለት» ትላለች። ምን ምን ልይ? የተጠቀማችሁበት እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

በሰላም ያገላግልሽ እህቴ። እኔም ሁለቱንም በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ይህ አልጋ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጣም አቅልሎልኛል፤ ሐሳብሽ ጥሩ ነው።

ከሁሉ በፊት የምነግርሽ ስለ መጋጠሚያው ነው። ሰው ሲገዛ ጨርቁን ያያል፣ ቀለሙን ያያል። ሌሊት አደጋ የሚመጣው ግን ሁለቱ አልጋዎች በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። እዚያ ክፍተት ካለ ልጁ ሊሸጎጥበት ይችላል። አራስ ልጅ ደግሞ ፊቱ አንድ ነገር ላይ ከተደፋ ራሱን መልሶ ማዞር አይችልም።

የደረሰብኝን ልንገርሽ። ትልቋ ልጄ የሦስት ሳምንት ልጅ ሳለች ላጠባት ተነስቼ በጨለማ እጄን በመጋጠሚያው ላይ አሳለፍኩት። ሦስት ጣቴ ገባ። ማታ ስናስረው ድፍን ነበር። ለካስ ማሰሪያውን ያዞርነው በፍራሹ ላይ ብቻ ነው። ሰው ሲገላበጥ ፍራሹ ተንሸራቷል፤ ማሰሪያውም አብሮት ሄዷል። ልጄ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያን ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ጠዋት መመሪያውን አውጥተን ስናነበው ማሰሪያው ከአልጋው ብረት ጋር መታሰር እንዳለበት በሥዕል ጭምር ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ በየማታው ከመተኛቴ በፊት አልጋውን በጉልበቴ ገፋ፣ በእጄ ሳብ አድርጌ አየዋለሁ። ንቅንቅ ካለ ፈትቼ እንደገና አስራለሁ።

ክፍተት ካገኘሽ ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ አትጠቅጥቂበት። እሱ ራሱ ወጥቶ ፊቱ ላይ ይመጣል።

ሌላው፣ ባዶ አልጋ አትለኪ። አንቺም ባለቤትሽም ተኙበትና ሌላ ሰው ይለካ። ለስላሳ ፍራሽ ሰው ሲተኛበት ይወርዳል፤ ያኔ ልኩ ሁሉ ይቀየራል። አልጋችን ዝቅ ያለ ነው ስላልሽ ይህን በደንብ እዪው። የሕፃኑ አልጋ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎም ከናንተ ፍራሽ በላይ ሊቀር ይችላል።

መልስ፦ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ

ሰላም እናት። ከእናትሽ ጭንቀት ልጀምር፤ ብዙ ወላጆች የሚጠይቁኝ እሱን ነውና።

ራስጌውን ከፍ አታድርጊ። ልጅ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። ከሆዱ የሚመለሰው ወተት ሽቅብ ወጥቶ ወደ አየር ቧንቧው መግባት ይከብደዋል። ወይ ይውጠዋል፣ ወይ በአፉ ይወጣል። በሆዱ ሲተኛ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ተዳፋት ላይ ሲተኛ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ጭንቅላቱ ከብዶት አገጩ ደረቱ ላይ ይደፋል፤ ያ ቀጭን የአየር ቧንቧ ይታጠፋል። ምንም ድምፅ አይሰማም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ ነገር ለሕፃን መኝታ እንዳይሆን መክሯል። የአንዳንድ አልጋ እግሮች ለየብቻ ከፍ ዝቅ ይላሉ። አንቺ ሁሉንም እኩል አድርጊያቸው። ትውከቱ ከበዛ ወይም ክብደት አልጨምር ካለ ለሐኪም አሳዪው። አልጋ ማዘንበል መፍትሔ አይደለም።

አሁን ወደ ፍራሹ። መዳፍሽን ጫን አድርገሽ አንሺ። ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ አለበት። የመዳፍሽ ቅርጽ ከቀረ፣ የልጁ ጭንቅላትም እንደዚያው ይሰምጣል ማለት ነው። ለአዋቂ ጀርባ ድንጋይ የሚመስል ፍራሽ ለሕፃን ልክ ነው። የእህትሽ ፍራሽ ስምጥ የሚል ከሆነ አትጠቀሚበት።

በላዩ የሚኖረው ልክክ ብሎ የተወጠረ አንሶላ ብቻ ነው። ትራስ የለም፣ የዳር ትራስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ የላላ ብርድ ልብስም የለም። የዳር ትራስ ልጁን ከመጋጨት የሚያድን ይመስላል። እውነቱ ግን ፊቱ ሲጠጋበት አየር ይከለክለዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ የዳር ትራሶችንም ያዘነበሉ መኝታዎችንም ከሽያጭ አግዳለች።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀመረ። በዐሥር ዓመት ውስጥ የሕፃናት ድንገተኛ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ይህን ያመጣው ውድ አልጋ አይደለም። ለቀን እንቅልፍም ለሌሊትም፣ ሁልጊዜ በጀርባው። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው ካለም ዛሬውኑ ይተው፤ ጭስ አደጋውን በጣም ይጨምረዋል።

መልስ፦ አናጺ አባት

ልጄ፣ የእንጨቱን አልጋ ለኔ ተዪልኝ። ሥራዬ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜውን ጠይቂ። 10 ዓመት ካለፈው ባይሆን ይሻላል። እንጨት ይደርቃል፣ ብሎን ይላላል፣ የደህንነት ደንቡም ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል። ከዚያ በቋሚዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኪ፤ ከ6 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሜትር ከሌለሽ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ሞክሪ። ጣሳው ካለፈ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ የሕፃን ገላ ያልፍና ጭንቅላቱ ይቀራል። በፍራሹና በአልጋው ጎን መካከል ሁለት ጣት ከገባም ፍራሹ ልኩ አይደለም።

አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ ተዪው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደዚህ ያሉ አልጋዎች እንዳይሸጡ ያገደችው በምክንያት ነው። የሚይዘው ፕላስቲክ ያልቃል፣ ጎኑ በአንድ ማዕዘን ይወልቃል፣ ልጅ እዚያ ይቀረቀራል። እኔ ጋ የመጣ አንድ አልጋ ላይ የጠፋውን ብሎን በሽቦ ጠምጥመውት አይቻለሁ። ሲያዩት ጠንካራ ነው። በእጄ ስነቀንቀው ግን ጎኑ በሙሉ ተላቀቀ።

ደግሞ አንድ ጎኑን አውልቀሽ ከአልጋሽ ጋር ላያይዘው እንዳትዪ። አልጋው ቀጥ ብሎ የቆመው በአራቱ ጎኖች ነው። አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ይወላገዳሉ። ለመያያዝ ያልተሠራ አልጋ አይያያዝም። ቀለሙ ከተቀባ ብዙ ዘመኑ ከሆነና ከተላጠ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ልጅ ጥርስ ሲያወጣ እንጨት ይነክሳል። እህትሽን አመስግኚያትና አዲሱን ውሰጂ።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር

ጋሼ፣ በጣም አመሰግንዎታለሁ። ጣሳውን ሞከርኩት። ምንም ሳይነካው አለፈ። የእንጨቱን ነገር እዚያው ተውኩት። እህቴም ስነግራት ደንግጣ ነበር፤ ቅር አላላትም።

አዲሱን ደግሞ እንደተባልኩት ተኝተን እህቴ ለካችልን። ሁለታችንም ስንተኛ የፍራሻችን ከፍታ ከወለሉ 46 ሴንቲ ሜትር ነው። የሕፃኑ አልጋ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ሆኖ፣ ጎኑ ወርዶ፣ ጠርዙ 52 ላይ ይቆማል። 6 ሴንቲ ሜትር ይበልጠናል ማለት ነው። ምን ይሻላል? የኛን አልጋ እግር ሥር እንጨት ላድርግበት? ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ያለ ብርድ ልብስ እንዴት ይሞቀዋል? እስከ መቼስ ነው የሚተኛበት?

መልስ፦ አናጺ አባት

እንጨትም ጡብም አታድርጊ፤ በናንተም ሥር በልጁም ሥር። ሌሊት ሰው ሲገላበጥ ይንሸራተታል። አምራቹ ከሰጠው ቁመት ውጪ አትፍጠሪ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

እኔ ብሆን ጎኑን አላወርደውም። ዚፑን ዘግቼ ከአልጋዬ ጎን አስጠግቼ አቆመዋለሁ። ተለይቶ ይቆማል፣ አራቱም ጎን ከፍ ያለ ነው፣ እጄ ይደርስበታል። ስታጠቢ ብቻ ዚፑን ታወርጃለሽ፤ ልጁን ስትመልሺ ትዘጊዋለሽ። ግን ከመግዛትሽ በፊት ጎኑ ተዘግቶ ለብቻው መቆም እንደሚችል መመሪያው ላይ እዪ። አብዛኞቹ ይችላሉ።

ጎኑን የሚያወርዱ ሌሎች ሰዎችም ቢያነቡት ብዬ ነው፦ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው ኢኤን 1130 የተባለ ደረጃ አለ። ጎኑ ሲወርድም ከልጁ ፍራሽ በላይ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር መከለያ እንዲቀር ያዛል። ልጁ ወደናንተ እንዳይንከባለል፣ የናንተም ብርድ ልብስ ወደሱ እንዳይሄድ ነው። ጎኑ ሲወርድ ምንም መከለያ የማይቀርለት አልጋ ካያችሁ አትግዙ።

መልስ፦ የመንታ አባት

ስለ ባለቤትሽ እንቅልፍ ልበል። እኔም እንቅልፌ ከባድ ነው። የልጆቹ አልጋዎች በሚስቴ በኩል ነበሩ፤ እኔ በግድግዳው በኩል። ሁለቱም ልጆች የየራሳቸው አልጋ ነበራቸው፤ አንድ ላይ አላስተኛናቸውም። እኔ ብርድ ልብሴን ለየሁ፣ ትልልቅ ትራሶቻችንን ቀነስን። ከመስኮቱ ጎን የነበረውን አልጋም አራቅነው፤ የመጋረጃው ገመድ ይደርስባቸው ነበር።

መልስ፦ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ

ስለ ሙቀቱ፦ ክፍሉ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ልጁን አንቺ ከለበስሽው አንድ ልብስ ብቻ ጨምሪለት። እንደ ከረጢት የሚለበስ፣ ክንዱ የሚወጣበት የመኝታ ልብስ አለ። ብርድ ልብሱን እሱ ይተካዋል። አንገቱና ብብቱ በልኩ የሆነ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ ፊቱ ላይ ይወጣል። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አያስፈልገውም። እጁ ቀዝቅዟል ብለሽ አትደንግጪ፤ የአራስ እጅ ይቀዘቅዛል። ጣትሽን በማጅራቱ ወይም በደረቱ ላይ አድርጊ። እዚያ ሙቅና ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ላብ ካለ አንድ ልብስ ቀንሺለት። ለእናትሽም በእጇ አስነኪያት፤ ትረጋጋለች።

እስከ መቼ ላልሽው ወር ብቻ አትቁጠሪ። መገልበጥ ሲጀምር ወይም በእጁና በጉልበቱ ቀና ለማለት ሲሞክር ያኔውኑ ወደ ትልቁ የሕፃን አልጋ ይዛወር። ብዙ ልጆች ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። የብዙዎቹ አልጋዎች የክብደት ገደብ 9 ኪሎ ነው፤ የናንተን መለያው ላይ እዪ። ከሁለቱ የቀደመው ይወስናል። የምትጠቀልሉት ከሆነም መገልበጥ መሞከር ሲጀምር መጠቅለሉ ይቁም። ትልቁም አልጋ ቢያንስ እስከ 6 ወር እናንተው ክፍል ውስጥ ይሁን።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ድካምሽ ብዙ ነው። ልታጠቢው ስትቀመጪ እንቅልፍ ይዞሽ ሊሄድ ይችላል። ሶፋ ላይ እንዳይሆን። ሶፋ ላይ ልጅ ይዞ መተኛት ከሁሉ የከፋው ነው፤ በሰውነትሽና በመደገፊያው መካከል ይሸጎጣል። እንቅልፍ ሊወስድሽ ይችላል ብለሽ ከሠጋሽ ትራሱንና ብርድ ልብሱን አርቀሽ አልጋው ላይ ሆነሽ አጥቢው። እንደነቃሽ ወደ ራሱ አልጋ መልሺው። ባለቤትሽም ሰዓት ሞልቶ ይነሳና ይይሽ።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አዲሱን ገዛነው። ጎኑ ተዘግቶ ለብቻው መቆም እንደሚችል መመሪያው ላይ ተጽፏል። ትናንት ማታ በኔ በኩል አቆምነውና ተኝቼ ሞከርኩት። ከወገቤ ቀና ሳልል መዳፌ ፍራሹ መሃል ይደርሳል። አንሶላው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። እናቴ መጀመሪያ «ባዶ ሆነ» ብላ አዝና ነበር። ኋላ ግን መዳፏን ፍራሹ ላይ ተጭና አነሳችና «ወዲያው ተመለሰ» አለችኝ። ባለቤቴም የሌሊት 8 ሰዓት ማንቂያ ሞልቷል። ከአሁኑ ልለማመድ ብሎ ነው።