የፊልም ማጀቢያ ክፍያ፦ ለደራሲው ብቻ ወይስ ለተጫዋቾቹም?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ሰላም ወገኖች። አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በፈረንጆቹ 2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ» ተጠቅሟል። ለፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ሙዚቃውን ሲዲ ላይ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ሰውየው መኪና ውስጥ እየሰማው አገር ያቆራርጣል። ያኔ ሙዚቃው ከተቀዳ 30 ዓመት አልፎታል። የሙላቱ ስም ዓለምን አዳረሰ፤ እሰየው፣ ይገባዋል። ሳክስፎኑን የነፋው፣ ቤዙን የያዘውስ? በባንድ የተቀዳ ሥራ ለፊልም ሲሸጥ ተጫዋቾቹም ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል ባይ ነኝ። እናንተስ?

ኪቦርዲስት፦ አልስማማም። ከጅማ ተነስቶ ለንደንና ቦስተን ድረስ ተምሮ፣ ቅኝታችንን ከጃዝ ጋር አዋህዶ ያመጣው ሙላቱ ነው። ባንዱ የተጻፈለትን ተጫወተ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ አለቀ። ቤት በተከራየ ቁጥር ግንበኛው ድርሻ ይጠይቃል እንዴ?

ሳክስ ነፊ፦ ልጄ፣ ግንበኛ የሚሠራው ፕላኑ ላይ ያለውን ነው። እኔ ስቱዲዮ ስገባ የተሰጠኝ ወረቀት አራት መስመር ኖታ ነበረው፤ ከሥሩ ባዶ። አቀናባሪው «ከዚህ በኋላ 16 ባር (የሙዚቃ ምት ክፍል) ያንተ ነው፣ እንደፈለግክ ንፋ» አለኝ። ሁለቴ ነፋሁ፣ ሁለተኛውን ያዙት። የዚያን ሌሊት የሰጡኝን ተቀብዬ ወጣሁ፤ የፈረምኩት ነገር የለም። ከዓመታት በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ተዋናይት ታለቅሳለች፤ ከበስተኋላዋ የሚሰማው የኔው 16 ባር ነው። አጠገቤ ለነበረው ሰው «ይሄ እኔ ነኝ» አልኩት። አላመነኝም። ብሩን ተወው፣ ስሜ እንኳን የለም።

ፊልም አርታኢ፦ ጋሼ፣ የነገሩን ልብ ይነካል። ሕጉም ተጫዋቹን አልረሳውም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ፣ ማለትም ሥራውን ለሚጫወተው፣ ከደራሲው የተለየ መብት ይሰጣል፣ ለ50 ዓመት። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። አንድ የድሮ ሙዚቃ ለማስገባት ሰባት ሰው ማፈላለግ አለብኝ፤ ግማሹ አርፏል፣ ግማሹ ውጭ አገር ነው። ፕሮዲውሰሩ አይጠብቀኝም። ኪቦርድ ያለው ልጅ ጠርቶ በሳምንት ማጀቢያ ያሠራል። ያኔ ባንዱ ጭራሹን ይቀራል።

ኪቦርዲስት፦ እኔም የምለው እሱን ነው እህቴ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በፈረንጆቹ 1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ኪቦርዶቹን፣ ለከበሮው ደግሞ ማሽን ይዞ ብቻውን አልበም ሠራ። በኋላ ታክሲ ሲነዳም ኪቦርዱ ከመኪናው አይጠፋም ነበር፤ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ይለማመድበታል። ያ ካሴት ከ28 ዓመት በኋላ እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው። ይህን ከማን ጋር ይካፈል?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ብቻውን የሠራውንማ ማን ይጠይቀዋል? ግን እሱው ከዋሊያስ ባንድ ጋር በፈረንጆቹ 1977 ያወጣውን «ቼ በለው» አልበም አስበው። እዚያ ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» አለ። ድርሰቱ የግርማ በየነ ነው፤ የተጫወተው ዋሊያስ ነው። በዚያ አልበም ላይ በእንግድነት ቫይብራፎን የመታው ማን መሰለህ? ሙላቱ። አልበሙ ነገ ለፊልም ቢሸጥ ሙላቱም ሒሳቡን የተቀበለ ግንበኛ ነው ልትለኝ ነው?

ኪቦርዲስት፦ እዚህ ላይ ያዝከኝ። ሙላቱን ግንበኛ አልለውም፤ እንግዲያው ጋሼንም ልላቸው አይገባም ነበር፣ ይቅርታ። ሆኖም ሶሎ የነፋና ኮርድ የያዘ እኩል ይካፈል ካላችሁ አሁንም አልስማማም።

ፊልም አርታኢ፦ እኩል ያለ የለም። እኔ የምፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ቀረጻው ባለቀ ዕለት ማን ምን እንደተጫወተ፣ ድርሻው ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ፊርማና ስልክ። እሱን ከያዝኩ ሰው ሳፈላልግ አልከርምም። ስማቸውንም ፊልሙ መጨረሻ ላይ አስገባለሁ።

ሳክስ ነፊ፦ ለሚመጡት ጥሩ ነው ልጄ። ለእኔስ? የዚያን ሌሊት ከበሮ የመታው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። እሱ ቢመሰክር ወረቀቱ ይጻፍልኛል?