የሶካ ቢትን ከእስክስታ ጋር እንዴት ነው ማገጣጠም የሚቻለው?

የጣና ዳር ዲጄ
ሰላም ቤተሰብ፣ እዚሁ ባህር ዳር ሰርግና ልደት ላይ ሙዚቃ አጫውታለሁ፣ ሰሞኑን ሐይቁ ዳር አንድ መልስ ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁና የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ድንኳኑ ሙሉ ነው፣ የጎጃም ጭፈራ ነው የያዝኩት፣ እናቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል፣ ከዛ ሙሽራው ቀድሞ የላከልኝን ትራክ ለቀቅኩት፣ የካሪቢያን ከበሮና ስቲልፓን (ከበርሜል የሚሠራው የብረት መሣሪያ) ከኤሌክትሮኒክ ቢት ጋር የተቀላቀለበት በጣም ሞቅ ያለ የፓርቲ ዘፈን፣ ሶካ የሚሉት። የሙሽራው አክስት ትከሻቸውን እንዳነሱ ቀሩ። አንድ ሁለቴ ሊይዙት ሞከሩ፣ አልያዝ ሲላቸው ነጠላቸውን ፈተው ሄደው ተቀመጡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው፣ ወጣቶቹ ብቻ ቀሩ። ዘፈኑን በጣም ነው የምወደው፣ እናቶችም እንዲጨፍሩበት ነው የምፈልገው። ቤት ገብቼ ጥምቀት ላይ የቀዳሁትን ከበሮ ከላዩ ልጨምርበት ሞከርኩ፣ አልገጠመም። ለሚያዝያ ሌላ ሰርግ አለብኝ። ችግሩ ፍጥነቱ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ኪቦርድ ነኝ
ወንድሜ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፣ ቆጠራው ነው። የኛ ቺክቺካ፣ እስክስታ የሚጨፈርበት ምት ማለቴ ነው፣ በስድስት ነው የሚቆጠረው፣ ሦስትና ሦስት፣ ጭብጨባው 1 እና 4 ላይ ይወድቃል። የካሪቢያኑ ግን፣ ሶካም በለው ሬጌቶን የሚሉት የላቲኖች የዳንስ ሙዚቃ፣ ስምንት ነው፣ ከላይ ያለው ምት 3 ከዛ 3 ከዛ 2 እየሆነ ነው የሚሄደው። ጠረጴዛ ላይ በእጅህ ምታውና ስማው፣ ታከከ ታከከ ታከ። አየህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስቶች የኛው ናቸው፣ አክስትየው ሊይዙት የሞከሩት ለዛ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ሁለት ናት ያሳተቻቸው። ከስር ደግሞ ኪኩ፣ ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ 1 እና 5 ላይ እኩል እኩል ይረግጣል፣ ከላይ ያለው 1፣ 4 እና 7 ላይ ይመታል፣ ወገብ አላስቀምጥ የሚለው ያ የላይና የታች ሽሚያ ነው።

ስለዚህ ከስድስት ወደ ስምንት በአንዴ አትዝለል፣ በጭብጨባ ተሻገር። የጎጃሙ ዘፈን ሊያልቅ ሲል ማሲንቆውንም ድምፁንም አጥፋውና ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ይቅር፣ ሰዉ ራሱ እያጨበጨበ ይቀጥላል፣ አንተ የጭብጨባውን ፍጥነት ሳትነካ ኪኩን ልክ እጅ ሲገጥም እያሳረፍክ አስገባ። ከዛ ከበሮውን ቀስ አድርገህ ቀንስ፣ መሃል ላይ ያሉት ትንንሾቹ ምቶች ይጠፋሉ፣ ጭብጨባው ግን እንዳለ ነው። ያኔ ታከከ ታከከ ታከውን ልቀቀው። እጃቸው አልተቋረጠም፣ ስለዚህ እግራቸውም አይቆምም።

ዓባይ ማዶ
ኪቦርድ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ፍጥነቱንም አትርሳው። የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ነው፣ እናቶች ደግሞ ሲያጨበጭቡ በስልክህ ቁጠረውና እዛ ላይ አውርደው። ማውረድ ዘፈን ያበላሻል ብለህ አትስጋ፣ በ2009 እንደ ፈረንጆቹ ዴቭ ናዳ የሚባል ዲጄ ዋሽንግተን አካባቢ የዘመዱ ፓርቲ ላይ ሲያጫውት ልጆቹ ሬጌቶን ነበር የያዙት፣ እሱ የነበረው የሆላንድ ሃውስ የሚባል ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ነው፣ ወደ 108 አወረደውና ቤቱ ተናጋ። ሙምባተን የሚባለው ስልት ከዛች ምሽት ነው የወጣው፣ ስሙ እንኳን ሙምባ ከሚለው ያወረደው ዘፈን ርዕስና ከሬጌቶን የተገጣጠመ ነው። ስታወርደው ኪ ሎክ፣ ፍጥነቱ ሲቀየር ድምፁ እንዳይቀየር የሚይዘውን፣ መክፈትህን አትርሳ፣ አለዚያ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍርብሃል።

የድሮ ከበሮ መቺ
ልጄ ስለ ሙዚቃው ልጆቹ በደንብ ነግረውሃል፣ እኔ ስለ ከበሮው ነው የምለው። ጥምቀት ላይ ከታቦቱ ጋር የሚሄደው የማኅሌት ከበሮ ነው፣ መረግዱም ጽፋቱም የራሱ ሥርዓት አለው፣ ከዝማሬው ጋር እየከበደ እየፈጠነ ነው የሚሄደው፣ ለዛ ነው ማሽንህ ላይ አልገጥም ያለህ። ቢገጥምም ደግሞ ለጭፈራ አይሆንም፣ ሽማግሌዎቹ ቢሰሙት ያዝናሉ፣ እኔም አዝናለሁ። የሰርግ ከበሮ የሚመቱ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ፣ አንዷን አስፈቅደህ አምስት ደቂቃ ቅዳ።

ሶካ ወዳጅ
እኔ ልጨምር የምፈልገው ነገር፣ ይሄ ሙዚቃ ራሱ ሲወለድም ድብልቅ ነው። ትሪኒዳድ ውስጥ ሎርድ ሾርቲ የሚባል የካሊፕሶ (ያገሩ የቆየ የዘፈን ስልት) ዘፋኝ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ የህንድ ዝርያ ያላቸውን ያገሩን ሰዎች ከበሮ፣ ዶላክ የሚሉትን፣ ከካሊፕሶ ጋር አዋህዶ ነው ሶካን ያመጣው። ስቲልፓኑም ቢሆን፣ ቅኝ ገዢዎቹ ከበሮ ሲከለክሉ ሰዉ ቀርከሃ መሬት ላይ እየመታ ጨፈረ፣ ኋላ ላይ ብረት ያዘ፣ ከዛ የነዳጅ በርሜል ቀጥቅጦ ዜማ አወጣበት። በርሜል እንዲህ ሲዘፍን ስሰማ ሁሌ ነው የሚገርመኝ። ስለዚህ የጎጃም ከበሮ ብትጨምርበት ከባህሉ አልወጣህም፣ በርታ።

የጣና ዳር ዲጄ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ የጥምቀቱን አጥፍቼዋለሁ፣ ሳላስብ ነው የቀዳሁት ይቅርታ። የሰፈራችንን ከበሮ መቺ አስፈቅጄ ቀዳሁ፣ ትናንት ማታ ደግሞ ቤት ውስጥ ሞከርኩት፣ እናቴ ቡና እየቆላች ነበር፣ ምንም አልነገርኳትም። ጭብጨባውን ስቆጥረው 112 ሆነ፣ ትራኩንም እዛው ላይ አወረድኩት። ከበሮና ጭብጨባውን ብቻ 8 ጭብጨባ አስኬጄ ሶካውን ስለቀው ቀና ብላ አየችኝና መቁላቷን ቀጠለች። 16 ሳደርገው ግን ኪኩ ሲገባ አላወቀችውም፣ ታከከ ታከከ ታከው ሲመጣ መቁያውን እንደያዘች በአንድ ትከሻዋ ገባችበት።