ከዱባይ የተላከልኝ ፖኬት ዋይፋይ ኢንተርኔት አልሰጥ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ባለ ጽሕፈት ቤቷ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ፣ ሁለት ዴስክቶፕና አንድ ላፕቶፕ ነው ያለው፣ እስካሁን በስልኬ ሆትስፖት ነበር የምሠራው ግን ሰው በደወለ ቁጥር ኮኔክሽኑ ይቋረጣል፣ እኔ ወጣ ስል ደሞ ስልኬ አብሮኝ ስለሚሄድ ታናሽ እህቴ ደንበኛ ይዛ ቁጭ ትላለች። ወንድሜ ይሄን ሰምቶ ከዱባይ በሰው እጅ ፖኬት ዋይፋይ ላከልኝ፣ ሲም የሚገባባት ባትሪ ያላት ትንሽዬ ነገር ናት። ሲም ከትቼ ከፈትኳት፣ ዋይፋዩ ስልኬ ላይ ይታያል፣ ፓስወርዱንም ይቀበላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም፣ መብራቷም ቀይ ነው። ያው ሲም ስልክ ላይ በደንብ ይሠራል። ተበላሽታ ነው? የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የኦንላይን ምዝገባ ሊጀመር ስለሆነ ቶሎ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አቤል፦
ኤፒኤኑ (ሲሙ ኢንተርኔት የሚያገኝበት ሴቲንግ) ነው እህቴ። ሪሴት አድርጊያት በቃ።

ሞባይል ጠጋኙ፦
አቤል ይቅርታ ግን ሪሴት ከማድረግ በፊት ማየት ያለባት ነገር አለ። እህቴ፣ ስልክሽን ከዋይፋዩ ጋር አገናኚና ብራውዘር ላይ 192.168.8.1 ብለሽ ግቢ፣ ይሄ ለሁዋዌ ነው፣ ሌላ ዓይነት ከሆነ አድራሻውም መግቢያ ፓስወርዱም ጀርባዋ ላይ ወይ ባትሪው ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ገጹ ሲከፈት ኮድ አስገቢ የሚል ከመጣና ከሥሩ የቀረሽ ሙከራ ይሄን ያህል ነው ካለሽ ዕቃዋ ደህና ናት፣ ተቆልፋ ነው። ማለት የሸጣት ድርጅት ከራሱ ሲም ውጪ እንዳትቀበል አድርጓታል። አደራ በግምት ቁጥር እንዳትሞክሪ፣ ሙከራው ካለቀ ለዘለቄታው ልትዘጋብሽ ትችላለች፣ እንደዛ ሆነው ወደ ሱቄ የመጡ ብዙ አይቻለሁ።

ከሻርጃ፦
እውነቱን ነው። እዚህ ከኢንተርኔት ውል ጋር የሚሰጡት ላይ ነው ቁልፉ የሚያጋጥመው፣ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለ ውል የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ናቸው። ወንድምሽ ደረሰኙን ካልጣለ የዕቃውን አይኤምኢአይ (መለያ) ቁጥር ይዞ የገዛበት ይጠይቅ፣ ኮዱን ይስጡት። ወደ አገር ዕቃ የምትልኩ ወንድሞቼ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የሌላ ድርጅት ሲም ከታችሁ ሞክሩ።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ገባሁና አየሁት፣ እንዳላችሁት ኮድ ይጠይቃል፣ 9 ሙከራ ይቀርሻል ይላል፣ አንዱን እህቴ ሳታውቅ በሲሙ ፒን ሞክራ ነው። ለወንድሜ ነግሬዋለሁ።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ (ከ4 ቀን በኋላ)፦
ኮዱ መጣ፣ ተከፈተች፣ መብራቷም አረንጓዴ ሆነ። አሁን ግን ሌላ ጭንቀት። 10 ጊጋ ገዝቼ በ2 ቀን አለቀ! በሆትስፖት ይሄ ሁሉ ሁለት ሳምንት ያቆየኝ ነበር፣ ሥራው ያው ኢሜይልና ምዝገባ ነው፣ ቪዲዮ ያየ የለም። ዕቃዋ ናት ዳታ የምትበላው?

ጋሼ ቴክኒሻን (ጡረተኛ)፦
ልጄ፣ ዕቃዋ አይደለችም። ስልክ በሞባይል ዳታ ሲሆን ይጠነቀቃል፣ ዋይፋይ ሲያገኝ ግን ያልተገደበ መስመር ያገኘ ይመስለዋል፣ ከጀርባዋ ያንቺው ጥቅል ያለባት ሲም እንዳለች አያውቅም። ስለዚህ ፎቶና ቪዲዮውን በሙሉ ወደ ላይ መጫን ይጀምራል፣ አፕሊኬሽኖቹን ያድሳል፣ ኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ዊንዶውስማ አንዴ ማደስ ከጀመረ ብቻውን ጊጋ ጨራሽ ነው። እንዲህ አድርጊ፦ ዊንዶውሱ ላይ የዋይፋዩን ስም ተጭነሽ ግቢና ሜተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የተገደበ ነው ማለት ነው) የሚለውን አብሪው፣ አንድሮይድ ስልክ ላይም እዛው የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ሜተርድ የሚል ምርጫ አለ። የፎቶ ባክአፑን ደግሞ ዝጊው። እስቲ ንገሪኝ፣ ፓስወርዱን ለደንበኛ ሰጥተሻል?

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦
ጋሼ እውነት ለመናገር ሰጥቻለሁ፣ ፋይል በቴሌግራም ሊልኩልኝ ሲሉ እምቢ ማለት ከበደኝ። ለካ እነሱም ስልካቸው እየጫነ ነበር! ምን ላድርግ እርስዎ ይንገሩኝ።

ጋሼ ቴክኒሻን (ጡረተኛ)፦
ፓስወርዱን ዛሬውኑ ቀይሪ፣ ያኔ ሁሉም ይወጣሉ። እዛው ገጽ ላይ የተገናኙት ስልኮች ዝርዝር ይታይሻል፣ የማታውቂውን ማገድ ትችያለሽ። የወርና የቀን ገደብ ማስገቢያም አላት፣ ስትደርስበት ታስጠነቅቅሻለች። ፋይል የሚልክልሽ ሰው በራሱ ዳታ ይላክ ወይ በፍላሽ ያምጣ፣ ማንም አይቀየምሽም።

ሞባይል ጠጋኙ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ዴስክቶፕሽ ዋይፋይ ከሌለው አስማሚ እንዳትገዢ፣ ቻርጅ በምታደርጊበት የዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኚያት፣ ብዙዎቹ እንደ ኔትወርክ ካርድ ይታያሉ፣ ቻርጅም ታደርጋለች። ግን ቀን ከሌት ሶኬት ላይ አትተያት፣ ባትሪዋ ሙቀት አይወድም፣ ያበጡ ባትሪዎች ስንቱን ክዳን ገፍተው ሲከፍቱ አይቻለሁ፣ ማታ ሱቅ ስትዘጊ አጥፊያትና ንቀያት። መብራት ሲጠፋ ባለ 1500 ሚሊአምፔር ባትሪ ካላት አንድ ግማሽ ቀን ገደማ ትሠራለች፣ ከዛ በላይ ከፈለግሽ በፓወርባንክ ነው።

ተመራቂ ተማሪ፦
የት ነው ያስቀመጥሻት? እኔ ዶርም ውስጥ አልጋ ሥር ሳስቀምጣት ተንቀራፈፈች፣ መስኮት ጋ ሳመጣት ሌላ ዕቃ ሆነች። ከቆርቆሮና ከብረት መደርደሪያም አርቂያት። ባለ ሁለት ባንድ (በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም ዋይፋይ የምትሰጥ) ከሆነች ደሞ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ አይወድም፣ ክፍል ለክፍል ከሆነ 2.4ቱ ይሻልሻል።

ሜሮን፦
እኔም ጥያቄ አለኝ፣ ሲሙ ውስጥ ሆኖ ጥቅል እንዴት ይገዛል? በየጊዜው ማውጣት መረረኝ።

ሞባይል ጠጋኙ፦
በቴሌብር ለሌላ ቁጥር ጥቅል መግዛት ይቻላል፣ የሲሙን ቁጥር አስገቢና ከራስሽ ስልክ ግዢላት። የሚመጣውን ሜሴጅ ደሞ በገጹ ላይ ሜሴጅ የሚለው ውስጥ ታነቢዋለሽ።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ (ከሳምንት በኋላ)፦
ጋሼ እንዳሉኝ አድርጌ፣ ፓስወርድ ቀይሬ፣ ሦስቱንም ኮምፒውተር ሜተርድ አድርጌያቸዋለሁ። ዝርዝሩ ላይ የማላውቃቸው 6 ስልኮች ነበሩ። በ7 ቀን ውስጥ ያለቀው 3 ጊጋ ብቻ ነው፣ ያውም ትናንት ብቻ 22 ተማሪ መዝግበን። መስኮቱ ጋ ሰቅያታለሁ፣ ፀሐይ እንዳይመታት መጋረጃ ጋርጄባት። እህቴም ስልኬን መጠበቅ ቀርቶላታል፣ እኔ ገበያ ስሄድ ብቻዋን ትሠራለች።