ጥቆማ፦ የኋላ ጎማው ለሚጮህ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ የትኛው ጋራዥ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ዲኤክሴ ፍጥነት ስጨምር ከቀኝ የኋላ ጎማ በኩል ይጎመጉማል፤ በቸርኬው ውስጠኛ ክፍልም ወፍራም ዘይት አይቻለሁ። ሳሪስ ወይም ጎተራ አካባቢ የሚታመን ጋራዥ ብትጠቁሙኝ፣ ኩሽኔታውንም (ጎማው ሳይፋተግ እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ዕቃ) ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ልግዛ ወይስ ከአስመጪ ሱቅ የሚለውን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ባለ ላዳ፦ መጀመሪያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ያሠሩ። ጎማ ሲገዙም አራቱንም አንድ ዓይነት ያድርጉ።

የቃሊቲው፦ ሳሪስ ካሉት በአንዱ፣ ስሙን ባልጠራው ይሻላል፣ ኩሽኔታ ተቀየረ ተብሎ ከፍዬ ወጣሁ፤ ሌላ ቦታ ሲፈታ ግን አሮጌው ኩሽኔታ አዲስ ግሪስ ተቀብቶ ተገኘ።

ሾፌር፦ ይህ እኔም ላይ ደርሷል። የወጣውን ዕቃ ሳትቀበሉ ሂሳብ አትክፈሉ።

የቃሊቲው፦ አሮጌውን ስጠይቅማ «ተጥሏል» ነው ያሉኝ!

የጀሞው፦ እኔ ከመካኒሳው መካኒኬ ሌላ አላውቅም። ድምፁ ከሳምንት በኋላ መመለሱ እውነት ነው፤ ሆኖም እጁ ወርቅ ነው።

ባለ ላዳ፦ ድምፁ እንግዲህ ናፍቆት ይዞት ተመልሶ ይሆናል።

አሮጌ መኪና ወዳጅ፦ ወደ ጥያቄው ብንመለስ፣ የዲኤክስ የኋላ አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የያዘው ዘንግ) አንድ ወጥ ስለሆነ በኋላ በኩል የሚስተካከል አላይመንት የለውም። የኋላና የፊት ጎማዎቹን አቀያይረው ድምፁ ቦታ ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ካልቀየረና ወደ ግራ ሲታጠፉ ከጎላ ግን የቀኙ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ለማረጋገጥ በደልዳላ ቦታ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አግደው፣ ማርሹን ዜሮ አድርገው፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀው የኋላውን በክሪክ ያንሱና በመቆሚያ ካሳረፉ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት። ዘይቱ ወፍራምና የሚከረፋ ከሆነ ከዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) በኦይል ሲሉ፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ጎሚኒ፣ በኩል የመጣ ነው፤ ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ሳይጠገን አይንዱት። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ታጥቦ አይመለስም፤ በሁለቱም ጎማዎች ይቀየራል። ኩሽኔታው በአክስሉ ላይ በቀለበት ተጠብቆ የሚገባ በመሆኑ ፕሬስ (ዕቃውን በግፊት የሚያስገባና የሚያወጣ ማሽን) ያለው ጋራዥ ይምረጡ፤ በመዶሻ ከሚደበድብ ይሽሹ፤ ቀለበቱም አዲስ መሆን አለበት። የአክስሉ የአየር መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነ አዲሱ ኦይል ሲልም ያፈሳል፤ ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው። ከሶማሌ ተራ የፍሬን ታምቡር ቢገዙ አልቃወምም፤ ያገለገለ ኩሽኔታ ግን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።

የቃሊቲው፦ ፕሬስ ነበራቸው እኮ! ያጡት ኅሊና ነው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘይቱ ይከረፋል።

ሾፌር፦ የጀሞው፣ መካኒሳ ያሉት ሰውዬ እሑድ ይሠራሉ?